ኃይሉን መከተል፦ የሸራ ጀልባን ክፍሎች፣ ሽቦዎችና ቋጠሮዎች እንዴት እንደተማርኩ

የሸራ ጀልባ መማር የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚያስጨንቀው የስሞቹ ብዛት ነው። አንድ ምሰሶና ሁለት ሸራ ብቻ ያላት ትንሽ ጀልባ እንኳ እያንዳንዱ ገመዷ፣ እያንዳንዱ ሽቦዋና እያንዳንዱ የሸራዋ ማዕዘን የየራሱ መጠሪያ አለው፤ ዝርዝሩን በቃሉ ሸምድዶ የመጣ ተማሪም ጀልባዋ ላይ ሲወጣ ገመዶቹ ሁሉ አንድ መስለው ይታዩታል። ለእኔ ነገሩ የተፈታልኝ አሰልጣኛችን ዝርዝሩን አስቀምጠው፣ ነፋሱ በሸራው ላይ የሚያሳርፈው ኃይል በየት በየት አልፎ ጀልባዋን እንደሚያንቀሳቅስ ከሸራው ጀምረን እስከ ቀፎው ድረስ በእጃችን እየዳሰስን እንድንከተል ባደረጉን ጊዜ ነው። ኃይሉ ከሸራው ወደ ምሰሶው፣ ከምሰሶው ወደ ሽቦዎቹ፣ ከሽቦዎቹ ወደ ቀፎው ይተላለፋል። ይህን መንገድ የተከተለ ሰው እያንዳንዱ ዕቃ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ይገባዋል፤ ስሙም ከሥራው ጋር ተያይዞ ስለሚቀመጥ በቀላሉ አይጠፋበትም። ይህ አካሄድ ሌሎች ጀማሪዎችንም እንደሚጠቅም ስለማምን በተማርኩበት መንገድ ጽፌዋለሁ።

ከታች ልጀምር። የጀልባዋ ዋና አካል ቀፎው ሲሆን፣ ከሥሩ ወደ ውኃው የሚወርደው ጠፍጣፋ አካል ኪል ይባላል። ነፋስ ከጎን ሲመጣ ሸራውን በአብዛኛው የሚገፋው ወደ ጎን ነው፤ ነገር ግን ኪሉ ሰፊ ጎኑን በውኃው ውስጥ ዘርግቶ ይህን ግፊት ስለሚቋቋም፣ ጀልባዋ ውኃው ብዙም በማይከለክላት አቅጣጫ፣ ማለትም ወደፊት፣ ትሄዳለች። ተለቅ ባሉት ጀልባዎች ኪሉ ከእርሳስ ወይም ከብረት የተሠራ ከባድ ክፍል ስላለው ነፋሱ ጀልባዋን ሲያዘነብላት መልሶ ቀና ያደርጋታል። በትንንሾቹ ግን በኪሉ ቦታ ወደ ላይ የሚሳብና ወደ ታች የሚወርድ ቀጭን ሳንቃ ስለሚገኝ፣ ሚዛን የሚጠብቀው የተሳፋሪው የራሱ ክብደት ነው። እኔ የጀመርኩት በእንዲህ ዓይነቷ ጀልባ ነው፤ ሸራው ላይ የተደረገው ጥቂት ለውጥ ወዲያው በሰውነት ስለሚታወቅም ሌላውም ጀማሪ በእርሷ እንዲጀምር እመክራለሁ።

ከኋላ ያለው መሪ በእጀታ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ እጀታው ወደ ግራ ሲገፋ ጀልባዋ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ሲገፋ ወደ ግራ ትዞራለች። መሪው የሚሠራው ውኃ በጎንና በጎኑ ሲያልፍ ስለሆነ የቆመች ጀልባ ለመሪ አትታዘዝም፤ ይህን ማወቅ ጀልባ ከሚታሰርበት መትከያ ስንነሣና ወደ መትከያ ስንመለስ በጣም ይጠቅማል። የጀልባዋ ግራና ቀኝም የሚለየው ፊታችንን ወደ ፊተኛው ጫፏ አዙረን ነው። ግራው ፖርት፣ ቀኙ ስታርቦርድ ይባላል፤ የሌሊት መብራታቸውም በግራ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ ነው። ወደ ኋላ ዞሮ የተቀመጠ ሰውና ወደ ፊት የሚመለከት ሰው በአንድ ትእዛዝ አንድ ነገር እንዲረዱ የሚያደርጋቸው ይህ አጠራር ነው።

አሁን ወደ ምሰሶው እንምጣ። ምሰሶው ተተክሎ የቆመ ቢመስልም በአብዛኞቹ ጀልባዎች ላይ ቀጥ አድርገው የያዙት ዙሪያውን የተወጠሩት ሽቦዎች ናቸው። የፊቱ ሽቦ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ፣ የኋላው ሽቦ ወደ ፊት እንዳይደፋ፣ የግራና የቀኝ ሽቦዎች ደግሞ ወደ ጎን እንዳይጋደም ይይዙታል። የጎን ሽቦዎቹ ከምሰሶው ጋር የሚሠሩት ማዕዘን በጣም ጠባብ ከሆነ የመያዝ አቅማቸው ስለሚቀንስ፣ ምሰሶው ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተዘረጉ ዘንጎች ሽቦዎቹን ወደ ውጭ ገፍተው ያርቋቸዋል፤ ስፕሬደር የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የኋላ ሽቦ የሌላቸው ጀልባዎችም አሉ፤ በእነርሱ ላይ ስፕሬደሮቹ ወደ ኋላ ያዘነበሉ ስለሚሆኑ የጎን ሽቦዎቹ የሁለቱንም ሥራ ይሠራሉ። ነፋሱ ከግራ በሚመጣበት ጊዜ ኃይሉን ሁሉ የሚሸከሙት የግራዎቹ ሽቦዎች ናቸው፤ የቀኞቹ በዚያን ጊዜ ጥቂት ቢላሉ አያስደነግጥም፤ እየተወዛወዙ የሚንቀጠቀጡ ከሆነ ግን ውጥረታቸው መስተካከል አለበት።

እያንዳንዱ ሽቦ ከቀፎው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ተንበርክኮ ማየት ያስፈልጋል፤ እኔ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ያገኘሁት እዚያ ነው። ሽቦው ታች ሲደርስ ከመወጠሪያ ብሎን ጋር ይያያዛል። ይህ ብሎን በአንዱ ጫፉ የቀኝ፣ በሌላው ጫፉ የግራ ጥርስ ስላለው፣ መካከለኛው አካሉ ሲዞር ሁለቱ ጫፎች በአንድ ጊዜ ይቀራረባሉ ወይም ይራራቃሉ። የብሎኑ የታችኛው ጫፍ ቀፎው ላይ ከታሰረው ወፍራም ብረት ጋር በስፒና ይገናኛል፤ ስፒናው ወጥቶ እንዳይወድቅ የሚጠብቀው ደግሞ ከጣት ያነሰች ኮፒሊያ፣ ማለትም ሁለት እግር ያላት የሽቦ መቆለፊያ፣ ናት። የምሰሶው መቆም በዚህች ኮፒሊያ ላይ የተንጠለጠለ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኮፒሊያዋ ከሌለች ስፒናው በንዝረት ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ስፒናው ከወጣ ሽቦው ይለቃል፤ ነፋስ የሚመጣበትን ጎን የያዘው ሽቦ ከለቀቀ ምሰሶው በቅጽበት ይወድቃል። ስለዚህ ኮፒሊያው መኖሩን፣ እግሮቹ በፒንሳ ጥቂት መከፈታቸውን፣ ሸራና ልብስ እንዳይቀድም በናስትሮ መሸፈኑን ሁልጊዜ አያለሁ። መወጠሪያው ብሎንም በራሱ እንዳይፈታ የሚቆልፈው ነገር ሊኖረው ይገባል፤ ሳይቆለፍ የተተወ ብሎን ጀልባዋ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ይላላል።

ሽቦዎቹ ራሳቸው ብዙውን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ቀጫጭን ዘንጎች ተጠምዝዘው ከተሠሩበት የማይዝግ ብረት የተዘጋጁ ናቸው። የማይዝግ ቢባልም ጨዋማ ውኃ ገብቶ በሚቀርበትና አየር እንደልብ በማያገኝበት ጠባብ ቦታ ከውስጥ ሊበላ ይችላል፤ ሽቦው ወደ ማያያዣው የሚገባበት የታችኛው አንገት እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ከአሥራ ዘጠኙ አንዱ ዘንግ እንኳ ተበጥሶ ከተገኘ ሽቦው መቀየር አለበት። የተበጠሰው ጫፍ እንደ መርፌ የሚወጋ ስለሆነ ምርመራው በባዶ እጅ አይደረግም፤ ስስ ጨርቅ በሽቦው ዙሪያ ይዞ ከላይ ወደ ታች ሲሳብ ጨርቁ የሚያዝበት ቦታ ጉዳቱን ያሳያል።

እስካሁን የተናገርኩት ስለማይንቀሳቀሱት ነው። ሸራዎቹን የምንቆጣጠርባቸው ገመዶች ግን በየጊዜው ይሳባሉ፤ ይላላሉ። ከእነርሱ ሁለቱን ለይቶ የያዘ ሰው ጀልባ መንዳት ይጀምራል፤ ሌሎቹ ቀስ ብለው ይመጣሉ። አንደኛው ሸራውን ወደ ምሰሶው ጫፍ የሚያነሣው ሃልያርድ፣ ሁለተኛው ሸራውን ወደ ነፋሱ ማዕዘን የሚያስተካክለው ሺት ነው። ጀማሪ ሺት ሲባል ሸራ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ገመድ ነው። ዋናው ሸራ ግርጌው ቡም በሚባለው አግዳሚ ዘንግ ላይ ስለሚዘረጋ ሺቱ የሚጎትተው ቡሙን ነው፤ የፊቱ ሸራ፣ ማለትም ጂብ፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቡም ስለሌለው ሁለት ሺቶች በግራና በቀኝ ወደ ኋላ ይመጡለታል፤ በአንድ ጊዜ የሚሠራውም አንዱ ብቻ ነው።

ገመዶቹን የለየሁበት ዘዴ ቀላል ነው። ጀልባዋ ታስራ፣ ሸራው ሳይነሣ፣ አንዱን ገመድ ከታሰረበት ቦታ ይዤ በእጄ እየተከተልኩ የት ፑሌጃ እንደሚያልፍ፣ የት እንደሚጠመዘዝ፣ መጨረሻው ምን ላይ እንደታሰረ እስካገኝ ድረስ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ጫፉ ላይ ሆኜ «ይህ ቢላላ ምን ይሆናል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ለምሳሌ ከቡሙ ሥር ወደ ምሰሶው ግርጌ የሚወርደው ገመድ ቫንግ ይባላል፤ ቢላላ ቡሙ ሽቅብ ይነሣል፣ የሸራው የኋላ ጠርዝ ይከፈታል፣ ነፋሱም ከላይ ይፈስሳል። መልሱን በቃል ከመስማት ይልቅ ገመዱን ራሱን አላልቶ ማየት ብዙ ጊዜ ይቆጥባል።

የዋናው ሸራ ሺት በበርካታ ፑሌጃዎች መካከል የሚመላለሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ገመዱ በቡሙና በቀፎው መካከል አራት ጊዜ ከተመላለሰ፣ የፑሌጃዎቹን ሰበቃ ወደ ጎን ትተን፣ ሸራውን ለመሳብ የምናወጣው ጉልበት ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ በምትኩ የምንስበው ገመድ አራት እጥፍ ይረዝማል። ለጂቡ ሺት ተለቅ ባሉ ጀልባዎች ላይ ዊንች፣ ማለትም ገመድ የሚጠቀለልበት የሚሽከረከር ከበሮ፣ ይኖራል። ገመዱ በዊንቹ ላይ የሚጠቀለለው በሰዓት አቅጣጫ ነው፤ ጭነቱ ሲጨምር ዙሩም ይጨመራል። ሲላላ መዳፍ በጥቅሉ ላይ ጠፍጥፎ ተጭኖ ቀስ በቀስ እንዲሸራተት ይደረጋል፤ ጣት በገመዱና በከበሮው መካከል እንዳይገባ እጅግ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ነፋስ የያዘ ሸራ የሚስበው ገመድ ጣት የመቁረጥ ኃይል አለው።

ሸራው ራሱ ሦስት ማዕዘንና ሦስት ጠርዝ አለው። የላይኛው ማዕዘን የሃልያርዱ፣ የታችኛው የፊት ማዕዘን የምሰሶው ወይም የፊቱ ሽቦ ግርጌ፣ የታችኛው የኋላ ማዕዘን የሺቱ ጉዳይ ነው። ከጠርዞቹ ይበልጥ የሚታየው የፊተኛው ነው፤ ሃልያርዱ በደንብ ካልተወጠረ ይህ ጠርዝ አግዳሚ ጭረቶች ያወጣል፤ ከመጠን በላይ ከተወጠረ ደግሞ ከጠርዙ ጋር ትይዩ የሆነ ቁም እጥፋት ይታያል።

ስለ ቋጠሮ ብዙ ቢባልም፣ ለመነሻ የሚያስፈልጉት በጣም ጥቂት ናቸው። መለየት የሚገባን ቋጠሮው ጭነት ላይ እያለ መፈታት ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም የሚለውን ነው። ቦውላይን የሚባለው ቋጠሮ የማይጠብቅ ቀለበት ይሠራል፤ ምንም ያህል ቢጎተትም ሥራው ካለቀ በኋላ በቀላሉ ይፈታል፤ ነገር ግን ገመዱ ተወጥሮ እያለ ሊፈታ አይችልም። ስለዚህ ሺትን ከጂቡ ማዕዘን ጋር ለማሰር ተስማሚ ሲሆን፣ በችኮላ ልንለቅቀው ለሚገባ ነገር ግን አይሆንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከጫፉ በቂ ርዝመት ትቶ በገመዱ ላይ ትንሽ ቀለበት ይሠራል፤ ወደ ጫፉ የሚሄደው ክንድ ወደ ጭነቱ ከሚሄደው ክንድ በላይ ሆኖ መደረብ አለበት። ከዚያ ጫፉ ከታች ወደ ላይ በቀለበቱ ይወጣል፣ ጭነት በሚሸከመው ክንድ ጀርባ ይዞራል፣ በወጣበት ቀለበትም ተመልሶ ወደ ታች ይገባል። በመጨረሻ ጫፉና አጠገቡ ያለው ክንድ አንድ ላይ ተይዘው፣ ጭነት የሚሸከመው ክንድ ወደ ተቃራኒው ይሳባል። ቀለበቱ በተቃራኒው ከተደረበ ቋጠሮው የተሠራ ይመስልና ሲሳብ ይፈርሳል። ውጭ የሚቀረው ጫፍ ቢያንስ የገመዱን ውፍረት 10 እጥፍ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። ለመፍታት ደግሞ በጭነት ተሸካሚው ክንድ ላይ የተጠመጠመውን እጥፋት በአውራ ጣት ወደ ኋላ መስበር ይበቃል።

በየሺቱ መጨረሻ ላይ ስምንት ቁጥር የሚመስለው ቋጠሮ ይደረጋል፤ ገመዱ ከእጅ ቢያመልጥም ፑሌጃው ላይ ስለሚይዘው አፈትልኮ አይወጣም። ጀልባን መትከያ ላይ ካለ ቀለበት ወይም ግንድ ጋር ለማሰር ሙሉ ዙር አዙሮ ሁለት ግማሽ ቋጠሮ መጨመር ይበልጥ አስተማማኝ ነው፤ የመጀመሪያው ሙሉ ዙር በሰበቃው ጭነቱን ስለሚይዝ፣ ገመዱ ተወጥሮም ቢሆን ቋጠሮውን በእርጋታ መፍታት ይቻላል። ክሊት በሚባለው ባለ ሁለት ቀንድ የገመድ ማሰሪያ ላይ ሲታሰር ደግሞ ገመዱ መጀመሪያ ከጭነቱ በሚርቀው ቀንድ በኩል ገብቶ የክሊቱን ግርጌ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል፣ ከዚያ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ይመላለሳል፣ በመጨረሻም አንድ ገልባጭ ዙር ይቆልፈዋል። በሺት ላይ ግን ይህን የመጨረሻ ቁልፍ አላደርግም፤ ድንገተኛ ነፋስ ሲመጣ ሺቱ በአንድ እጅ እንቅስቃሴ መለቀቅ አለበት።

ሁለት ገመድ ለመቀጠል ብዙ ሰው የሚያውቀው፣ ዕቃ የምንቋጥርበት ተራ ጥምር ቋጠሮ ነው። ይህ ቋጠሮ የተጠቀለለ ሸራን ለማሰር እንጂ ጭነት ለሚሸከሙ ሁለት ገመዶች መቀጠያ አይሆንም፤ አንዱ ክንድ ሲሳብ ተገልብጦ ይፈታል። ለመቀጠያ የሚሆነው ሺት ቤንድ ነው፤ ውፍረታቸው የተለያየ ከሆነ ወፍራሙ ታጥፎ ይጠብቃል፣ ቀጭኑ በእርሱ ላይ ይጠመጠማል። ቦውላይን የለመደ እጅ ይህንን ቶሎ ይይዘዋል፤ የሁለቱ ቅርጽ አንድ ነውና።

ልምምዱን ያደረግሁት አጭር ገመድ ሁልጊዜ አጠገቤ በማስቀመጥ ነው። ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የሚሠራ ቋጠሮ ግን በቂ አይደለም። ዓይንን ጨፍኖ፣ ገመዱን አርጥቦ፣ ቀለበቱን በወገብ ዙሪያ አድርጎ፣ ጭነቱ ከፊት ሳይሆን ከጀርባ በሚመጣበት አቅጣጫ መሥራት ያስፈልጋል፤ ጀልባ ላይ የሚያጋጥመው እንዲህ ነውና። የተሠራውን ቋጠሮ ሁሉ ደግሞ በክብደት ጎትቶ መፈተን ተገቢ ነው።

ገመዱ የተሠራበት ነገርም ቋጠሮውን ይወስነዋል። ናይለን ስለሚለጠጥ የማዕበልን ንቅናቄ ያበርዳል፤ ለመልሕቅና ለመትከያ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ለሃልያርድ ግን መለጠጡ ይጎዳል፤ ነፋስ ሲበረታ ገመዱ ይረዝምና ሸራው ይረግባል። ስለዚህ ለሃልያርድና ለሺት ብዙም የማይለጠጠው ፖሊስተር ይመረጣል። ዳይኒማ የሚባለው ከሁሉ ይበልጥ ጠንካራ ቢሆንም አንሸራታች ስለሆነ አንዳንዱ የተለመደ ቋጠሮ አይዝበትም፤ በእርሱ ላይ ገመዱን በራሱ ውስጥ መልሶ መሸረብ ይሻላል። ማንኛውም ቋጠሮ ገመዱን በጠባብ ስለሚያጥፈው ጥንካሬውን ይቀንሳል፤ ቦውላይን እንደ ገመዱ ዓይነት ከጥንካሬው አንድ ሦስተኛ ገደማ ሊወስድ ይችላል። ገመድ ሲገዛ ይህን አስቦ ወፈር ያለውን መምረጥ ይገባል።

ይህን ሁሉ የያዘ ሰው ጀልባዋን ማንቀሳቀስ ሲጀምር አንድ ነገር ይጠብቀዋል። ምንም ዓይነት የሸራ ጀልባ በቀጥታ ወደ ነፋሱ ፊት መሄድ አትችልም፤ ከነፋሱ መምጫ በሁለቱም ጎን በግምት እስከ 45 ዲግሪ ያለው ክፍል ለእርሷ ዝግ ነው። ወደዚያ ለመሄድ በአንድ ጎን፣ ከዚያ በሌላው ጎን እየተመላለሰች ትወጣለች። ነፋሱ ከኋላ በሚመጣበት ጊዜ ግን ቡሙ በድንገት ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሊወረወር ስለሚችል ራስን ዝቅ አድርጎ መቀመጥና መሪውን በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል። ሁለት የሸራ ጀልባዎች ሲገናኙም የሚገዛቸው ደንብ ነፋሱን የተከተለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የጸደቀውና በ1977 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ እንደሚለው፣ ነፋሱን በግራ ጎኗ የምትቀበለው በቀኝ ጎኗ ለምትቀበለው መንገድ ትለቃለች፤ ሁለቱም በአንድ ጎን የሚቀበሉ ከሆነ ደግሞ ነፋሱ ወደሚመጣበት በኩል ያለችው ለሌላዋ ትለቃለች።

ነፋሱ ሲበረታ የዋናው ሸራ ስፋት ይቀነሳል። ይህን ሥራ ከመትከያ አጠገብ በለሆሳስ ነፋስ ደጋግሞ መለማመድ ግድ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተሳሳተ ሸራው ይቀደዳልና። መጀመሪያ ሺቱና ቫንጉ ይላላሉ፤ ሃልያርዱ እስከሚፈለገው ድረስ ይወርዳል፤ በሸራው የፊት ጠርዝ ላይ ያለው አዲሱ ቀዳዳ ቡሙ ግርጌ ባለው መንጠቆ ይያዛል፤ ሃልያርዱ እንደገና በደንብ ይወጠራል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የኋላውን ማዕዘን ወደ ቡሙ የሚያወርደው ገመድ ይሳባል። ተንጠልጥሎ የቀረው ጨርቅ በተራው ጥምር ቋጠሮ ላላ ተደርጎ ይታሰራል፤ ጭነቱን የሚሸከሙት የፊቱና የኋላው ማዕዘኖች ስለሆኑ እነዚህ ማሰሪያዎች መጥበቅ የለባቸውም። በመጨረሻ ቫንጉ ተመልሶ ይወጠርና ሺቱ ይሳባል።